የበረዶ ሸርተቴ ሜዳን መላግና ማደስ፦ ከድሬዳዋ ለሥራ ለሚነሡ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በድሬዳዋ የበረዶ ሸርተቴ ሜዳ የለም። እኔ ከሥራው ጋር የተዋወቅሁት በአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ፣ በትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሬ ሰባት ዓመት በቆየሁበት ጊዜ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አካፋና መጥረጊያ ይዤ ከሠራሁ በኋላ በሦስተኛው ዓመት የማደሻ መኪናው ላይ ወጣሁ። አገር ቤት ከተመለስሁ በኋላ ለተመሳሳይ ሥራ ውል የፈረሙ ሁለት የሳቢያን ሰፈር ልጆች ቤቴ ድረስ መጥተው «ጋሼ፣ በረዶ ደግሞ እንዴት ይጸዳል?» ብለው ጠየቁኝ። ለእነርሱ በቃል ያስረዳኋቸውን ሌላውም ሰው እንዲጠቀምበት በጽሑፍ አሰናድቼዋለሁ። ልጆቹ ሥራው በረዶ ላይ ውሃ ማፍሰስ መስሏቸው ነበር፤ እኔም በመጀመሪያው ወር እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የሥራው ዋና ክፍል ግን አናጢ ጣውላን በመላጊያ እንደሚልገው ሁሉ የበረዶውን ፊት መላግ ነው። ውሃው መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ መጠኑም ጥቂት ነው።

ከበረዶው በታች ያለው ነገር

የሚሠሩበትን ነገር ሳያውቁ መኪና ላይ መውጣት አደጋ ስላለው በዚህ እንጀምር። ለዓለም አቀፍ የበረዶ ሆኪ ጨዋታ የሚሠራ ሜዳ 60 ሜትር ርዝመትና እስከ 30 ሜትር ስፋት አለው። ከላይ የሚታየው በረዶ ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚወፍር ሲሆን፣ ከሥሩ የኮንክሪት ወለል አለ፣ በኮንክሪቱ ውስጥ ደግሞ በጣም የተቀራረቡ ቧንቧዎች ከዳር እስከ ዳር ተዘርግተዋል። በቧንቧዎቹ የሚዞረው ፈሳሽ ካልሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው የተቀላቀለበት ውሃ ወይም በመኪና ራዲያተር የምናውቀው ዓይነት ግላይኮል ነው፤ ሁለቱም ከዜሮ በታች ወርደውም ስለማይረጉ ቅዝቃዜውን ከኮምፕሬሰሩ (ከማቀዝቀዣው ሞተር) ክፍል ወደ ወለሉ ያደርሳሉ። ለሆኪ የበረዶው ፊት ከዜሮ በታች ወደ 5 ወይም 6 ዲግሪ ይደረጋል፤ ዳንስ መሰሉን የሸርተቴ ስፖርት ለሚሠሩ ደግሞ ጫማቸው በረዶውን ነክሶ እንዲይዝላቸው ትንሽ ለስለስ ብሎ ወደ 3 ወይም 4 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሆናል።

የውፍረቱ ነገር በሒሳብ ሲታይ ይበልጥ ይገባል። 3 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር በረዶ በ1,800 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ወደ 50,000 ሊትር ውሃ ነው፤ በምናውቀው ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ብንቆጥረው ወደ 2,500 ጄሪካን ይሆናል። ይህ ሁሉ ውሃ በአንድ ጊዜ አይፈስስም። በጭጋግ መልክ እየተረጨ፣ ስስ በስስ እየተደራረበ ይረጋል፤ መካከል ላይ ነጭ ቀለምና መስመሮቹ ይቀባሉ፣ በላያቸውም እንደገና በረዶ ይደረባል። ስለዚህ በግዴለሽነት በጥልቀት የላገ ሠራተኛ የሜዳውን ቀለም ጭምር ይዞ ይነሣል። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቀዩ መስመር ተፍቆ ከበረዶው ብናኝ ጋር ሲደባለቅ ሐብሐብ የተፈጨ ይመስል ነበር፣ ያን ቀን የሳቀ ግን አልነበረም።

በረዶው የሚበላሸው እንዴት ነው

ከተንሸራታቹ ጫማ ሥር ያለው ስለታም ብረት በበረዶው ላይ በሄደ ቁጥር ይጭረዋል፣ የተጫረውም ነጭ ብናኝ ሆኖ ይቀራል። ብናኙ ጭረቱ ውስጥ እየገባ ሲረገጥ ይጠነክራል፤ ውሃ ቢፈስስበት ከሥሩ ካለው በረዶ ጋር አይዋሐድም፤ ሳይፋቅ የተቀባ ግድግዳ ላይ እንዳለ ቀለም ከጥቂት ቆይታ በኋላ እየተቀረፈ ይነሣል። ማንኛውም ማደስ በመላግ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ድሮ ይህ በሰው ጉልበት ይሠራ ነበር። ትራክተር መፋቂያ እየጎተተ ይሄዳል፣ ሠራተኞች ብናኙን በአካፋ ያነሣሉ፣ በጎማ ውሃ ይረጫሉ፣ እስኪረጋም ይጠበቃል፤ ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ፍራንክ ዛምቦኒ የተባለ ሰው በካሊፎርኒያ ፓራማውንት ከተማ ከወንድሙ ጋር የጡብ በረዶ እያመረተ ይሸጥ ነበር፤ ማቀዝቀዣ በየቤቱ ገብቶ ገበያው ሲቀዘቅዝበት እ.ኤ.አ. በ1940 የሸርተቴ ሜዳ ከፈተ፣ በ1949 ደግሞ መላግን፣ ማንሣትን፣ ማጠብንና ውሃ ማልበስን በአንድ ጉዞ የሚያከናውን መኪና ሠራ። እስከ ዛሬ ድረስ በየትኛውም ኩባንያ የተሠራውን መኪና ሠራተኛው «ዛምቦኒ» ይለዋል። ከመኪናው ኋላ ወደ 2 ሜትር የሚረዝም ምላጭ አለ፤ ከምላጩ ፊት ለፊት እንደ ሥጋ መፍጫ የተጠማዘዘ ዘንግ ብናኙን ወደ መካከል ይሰበስባል፣ ሌላ የቆመ ዘንግ ደግሞ ወደ ፊተኛው ማጠራቀሚያ ይወስደዋል። ከምላጩ ኋላ የሚረጨው ማጠቢያ ውሃ በጭረቶቹ ውስጥ የገባውን ቆሻሻ አንሥቶ ተመልሶ በመምጠጫ ይሳባል። መጨረሻ ላይ ሙቅ ውሃ በሰፊ ፎጣ ላይ ይወርዳል፣ ፎጣውም እየተጎተተ ይቀባዋል።

ከመንዳት በፊት

በመጀመሪያ ሜዳው ላይ ሰው አለመኖሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ መጨረሻ የወጣው ሰው ማን እንደሆነ ለባልደረባዎ ጮክ ብለው ይንገሩና መግቢያዎቹን በሙሉ ይዝጉ። ውሃ የያዘ መኪና በርካታ ቶን ይመዝናል፣ በእርጥብ በረዶም ላይ እንደ አስፋልት አይቆምም። የሕፃናት መደገፊያዎችንና የግብ መረቦችን ያውጡ። ቀጥሎ ሜዳውን በእግርዎ አንድ ጊዜ ዞረው ሳንቲም፣ የፀጉር መቆንጠጫ፣ ማስቲካና የጫማ ማሰሪያ ይልቀሙ። አንዲት የወደቀች ሳንቲም የምላጩን ጠርዝ ከጎዳች፣ ከዚያ በኋላ በየዙሩ አንድ ቀጭን መስመር በረዶው ላይ እየተወ ይሄዳል፤ ምላጩ እስኪቀየርም ያ መስመር አይጠፋም።

ምላጩን በእጅ መንካት የሚቻለው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ከኪስዎ ገብቶ፣ ምላጭ የማይበሳው ጓንት አድርገው ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፣ በሳምንቱ ግን በባዶ እጁ በረዶ ሲጠርግ ይገኛል። ፎጣውንም ይመልከቱ፦ ጫፉ ከተቀዳደደ ወይም የደረቀ በረዶ ከተጣበቀበት ውሃውን እኩል አያለብስም፣ ሜዳው ላይ እንደ ሽመና ጥለት የተሰነጣጠረ መስመር ይታያል።

የአየር መውጫው መሥራቱን ሳያረጋግጡ በጋዝ ወይም በቤንዚን የሚሠራ መኪና አያስነሡ። ከሞተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ቀዝቃዛ አየር ከሜዳው አጥር ቁመት በታች ተኝቶ ስለሚቆይም ጭሱ ከሕፃናቱ ቁመት ጋር እኩል ሆኖ ይከማቻል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማዎት ሁሉንም ሰው ያስወጡ፣ በሮችን ይክፈቱ፣ አለቃ ቢቆጣም ይቆጣ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና ይህ ችግር የለበትም። በብዙ ሜዳ ማቀዝቀዣው የሚሠራው በአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ አፍንጫና ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ስላለው ቢፈስስ ወዲያው ይታወቃል፤ ከተሰማዎት ግን ምንጩን ልፈልግ ብለው ወደ ኮምፕሬሰሩ ክፍል አይግቡ፣ ከሕንጻው ይውጡ።

መላግና ውሃ ማልበስ

መኪናውን በቀስታ አስገብተው የዳር ብሩሹ (በአጥሩ ሥር ያለውን ብናኝ የሚጠርገው) ያለበትን ጎን ወደ አጥሩ አስጠግተው የመጀመሪያውን ዙር ይጀምሩ። ምላጩን ዝቅ የሚያደርጉት መኪናው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ቆሞ ሳለ ቢያወርዱት ወይም ምላጩ ወርዶ ሳለ ቢቆሙ በረዶው ላይ ቦይ ይቆፈራል። ምላጩ በተለመደው ቀን የሚልገው ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ንጣፍ ነው። በትክክል እየላጉ መሆንዎን የሚያውቁት በጆሮዎ ነው፦ ምላጩ ስል ከሆነና ጥልቀቱ ከተስተካከለ ድምፁ አንድ ወጥ የሆነ «ሽሽሽ» ነው፤ ከተንጫጫ ወይም መኪናው ከተንቀጠቀጠ ምላጩ ደንዟል ወይም ተዛብቷል ማለት ነው። ያሠለጠነኝ ፊሊፒናዊ ሹፌር ዓይኔን ጨርቅ አስሮ በአጠገቡ አስቀምጦኝ ምላጩ ሲጠልቅና ሲነሣ በድምፁ ብቻ እንድለይ ያደርገኝ ነበር።

ከመጀመሪያው ዙር በኋላ እያንዳንዱ መንገድ ከቀድሞው መንገድ ጋር አንድ ስንዝር ያህል መደራረብ አለበት። ካልተደራረበ መካከል ላይ ሳይላግ የቀረ ነጭ መስመር ይታያል። እጅግ ከተደራረበ ደግሞ ጊዜና ውሃ ይባክናል፣ ሁለቴ የተላገውም ቦታ ይጎደጉዳል። ፍጥነትዎ ከፈጣን እርምጃ ብዙም ያልበለጠና ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ይሁን፤ ውሃው የሚወርደው በተስተካከለ ፍሰት ስለሆነ ፍጥነት ሲቀንሱ ውሃው ይከማቻል፣ ሲጨምሩ ደግሞ ይሳሳል። መታጠፊያ ላይ ሁሉም ሰው ፍጥነት ስለሚቀንስ የሜዳው ማዕዘኖች ከሌላው ቦታ ወፍረው ይገኛሉ፤ ከመታጠፍዎ በፊት የውሃውን ቧንቧ ጥቂት ዘጋ ማድረግን ልማድ ያድርጉ።

የውሃው መጠን ምን ያህል ነው? 1,800 ካሬ ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ ሲሶ ሚሊ ሜትር ገደማ ማልበስ ከ540 እስከ 600 ሊትር ውሃ ይጠይቃል፤ በጄሪካን ከ27 እስከ 30 ማለት ነው። ከዚህ በላይ ካፈሰሱ የሚረጋበት ጊዜ ይረዝማል፣ ለደንበኛ የተባለው ሰዓት ያልፋል፣ በረዶውም በየቀኑ እየወፈረ ይሄዳል። የወፈረ በረዶ ከሥሩ የሚመጣውን ቅዝቃዜ ይከለክላል፤ ኮምፕሬሰሩ ሲለፋ ውሎ ፊቱ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። እኔ ራሴ በአንድ የበዓል ቀን ሜዳው እንዲያበራ ብዬ ውሃውን ከልክ በላይ ለቅቄ ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሕፃናት በአጥሩ ላይ አፍንጫቸውን ደግነው ኩሬውን እያዩ እንዲጠብቁ አድርጌያለሁ።

ውሃው ለምን ሙቅ ይሆናል

ሁለቱ ልጆች ያላመኑኝ ነገር ይህ ነበር። በረዶ ላይ የሚፈስሰው ውሃ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ይሞቃል። ሙቁ ውሃ የተላገውን ፊት በጥቂቱ አቅልጦ ከሥሩ ካለው ጋር ይዋሐዳል፤ ከመርጋቱም በፊት ወደ ጭረቶቹ ይፈስሳል። በተጨማሪም ሙቅ ውሃ በውስጡ የሟሟ አየር ስለሚያንሰው ሲረጋ አረፋ ሳይዝ ጥርት ብሎ ይረጋል። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ገና እንደነካ ስለሚረጋ ጭረቱን ሳይሞላ በላዩ ላይ ድልድይ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ጫማ ሲያርፍበት ይሰበራል።

ይህን ለማሳየት ከቀፊራ ገበያ በተገዛ ዝርግ ትሪና በአንድ ጭማቂ ቤት ፍሪዘር ተጠቅመን ነበር፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሁሉ እዚሁ ሊሞክረው ይችላል። ትሪው ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ አፍስሰው አንድ ሌሊት በፍሪዘሩ ውስጥ ያርጉት። በሹካ ጫፍ በደንብ ይጫሩት፣ ብናኙን ሳያነሡ ግማሹን ይተዉት፤ ሌላውን ግማሽ ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት ስፓቱላ አግድም ፍቀው ብናኙን በሙሉ ያንሡ። ከዚያ ባልተፋቀው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጥቂት ያፍስሱበት፣ በተፋቀው ላይ ደግሞ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ በእኩል ግፊት አንድ ጊዜ ይጎትቱበት። ትሪውን ወደ ፍሪዘር መልሰው አንድ ሰዓት ካቆዩ በኋላ በጥፍርዎ ይፈትኑት፦ የመጀመሪያው እንደ እንቁላል ቅርፊት ይነሣል፣ ሁለተኛው ግን እንደ መስታወት ይሆናል። መብራት በመካከሉ ከሄደ ፍሪዘሩን ሳይከፍቱ ይጠብቁ። በትልቁም ሜዳ ደንቡ ይኸው ነው፤ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ማቀዝቀዣው ከቆመ በረዶው ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል፣ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ሙቅ ውሃ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም።

በሙከራችን ወቅት ሳናስበው ሌላ ትምህርት አገኘን። የድሬዳዋን የቧንቧ ውሃ የሚያውቅ ሰው ጀበናውና ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቃል፤ ከከርሰ ምድር የሚወጣው ውሃችን በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ማዕድን የበዛበት ነው። ውሃ ሲረጋ ማዕድኑን ከራሱ እየገፋ ያስወጣዋል፣ የተገፋውም መጨረሻ ላይ በሚረጋው ክፍል ይከማቻል። ከትሪያችን መካከል የታየው ደመና መሳይ ነጭ ነገር ይኸው ማዕድን ከታፈነ አየር ጋር ሆኖ ነበር። በሜዳ ላይ ማዕድን የበዛበት በረዶ ለስላሳና ብናኛም ስለሚሆን ውሃው በማጣሪያ አልፎ ይመጣል። የማጣሪያው ኃላፊ እርስዎ ባይሆኑም፣ በረዶው ያለ ምክንያት እያደር ከነጣ ውሃው እንዲመረመር ከመጠየቅ ወደኋላ አይበሉ።

ከዳር የሚቀረው ሥራ

መኪናው አጥሩን ተጠግቶ ሊልግ የማይችልበት ጠባብ ዳር አለ። ውሃ እዚያ እየተጠራቀመ ይረጋል፣ ሰው ደግሞ በመካከል ስለሚንሸራተት መካከሉ ይሳሳል፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሜዳው ዳሩ ከፍ ያለ፣ መካከሉ የጎደጎደ እንደ ምጣድ ይሆናል። መፍትሔው በእጅ የሚገፋ የዳር መላጊያ ነው። አድካሚ፣ ጩኸታምና ሰው የሚሸሸው ሥራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ለአዲስ ሠራተኛ ይሰጣል፤ እኔ ግን ሜዳን በቅርብ ያወቅሁት ያን መሣሪያ እየገፋሁ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከዳር የወጣው ብናኝ ወደ መካከል ተጠርጎ በመኪናው ይነሣ። ውፍረቱ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ማታ ሜዳው ከተዘጋ በኋላ ውሃ ሳይለቀቅ ደጋግሞ በመላግ ይቀነሳል።

ውፍረት በግምት አይታወቅም። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታዎች ላይ፣ በድሪል ቀጭን ቀዳዳ እየበሱ በማስመሪያ ይለኩ። ከሥር ኮንክሪትና ቧንቧ ስላለ ድሪሉ ላይ ተጭነው አይብሱ፤ የድሪሉ ጥርስ ኮንክሪቱን ሲነካ ድምፁ ይለወጣል፣ በዚያው ያቁሙ። ቀዳዳውን በእርጥብ ብናኝ ጠቅጥቀው ይድፈኑት። ቁጥሮቹ በሜዳው ሥዕል ላይ ከተጻፉ የትኛው ማዕዘን እየወፈረ፣ የትኛው እየሳሳ እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

ከሜዳው ከወጡ በኋላ

ምላጩን አንሥተው፣ ውሃውን ዘግተው፣ በቀጥታ መስመር ይውጡ፤ በሩ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ረግቶ ጉብታ ስለሚሆን ባልደረባዎ በአካፋ ወዲያው ይፋቀው። አዲሱ ፊት ሲረጋ የእርጥበት ብልጭታው ጠፍቶ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይይዛል፤ እስከዚያው፣ አሥር ደቂቃም ይሁን ከዚያ በላይ፣ በሩን ለማንም አይክፈቱ። ወደ ላይ ቀና ብለውም ይመልከቱ፦ ከጣሪያው ጠብታ ከወረደ ወይም በሜዳው ላይ ጭጋግ ከታየ የውጪው እርጥብ አየር በሆነ በር እየገባ ነው፣ ይህም በባሕር ዳርቻ ከተሞች በሙቀት ወራት በየቀኑ የሚያጋጥም ነው።

ብናኙ በማቅለጫ ጉድጓዱ ውስጥ ይገለበጣል፤ በብዙ ቦታ ከማቀዝቀዣው የሚወጣው ሙቀት ያቀልጠዋል። ማጠራቀሚያው ሲገለበጥ ከሥሩ ማንም እንዳይቆም ይከልክሉ፣ ብናኙ ሳይወርድ ቢቀርም እጅዎን ወደ ተጠማዘዘው ዘንግ አያስገቡ። ፎጣውን በንጹሕ ውሃ አጥበው ተዘርግቶ እንዲደርቅ ይስቀሉት፤ እንደተጨማደደ ከተዉት በቅዝቃዜው ረግቶ ስለሚጠነክር ለቀጣዩ ዙር በግድ ማቅለጥ ይኖርብዎታል። መጨረሻ ላይ ሰዓቱን፣ የተጠቀሙትን የውሃ መጠን፣ የበረዶውን ሙቀትና ምላጩ ከተቀየረ ስንት ቀን እንደሆነው በመዝገቡ ላይ ጽፈው ቁልፉን ለተረኛው ያስረክቡ።